የአደን ጠመንጃ መኪና ውስጥ ከመግባቱ በፊት፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለሚነሱ አዳኞችና ሾፌሮች ዝርዝር መመሪያ

ጠመንጃ ወደ መኪና ሲገባ ሁልጊዜ የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ «ባዶ ነው»። ቃሉን አምነው ጉዞ የጀመሩ፣ ኬላ ላይ ፖሊሱ ጠመንጃውን ሲያቀባብለው ጥይት እግራቸው ሥር የወደቀባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ሁሉም ፈቃድ ነበራቸው፤ አንዳቸውም ሕግ ለመጣስ አላሰቡም። የጎደላቸው ቅደም ተከተል ነበር። ለአዳኙም፣ ለሾፌሩም፣ ዱካ ለሚከተለውም ሰው ያንኑ ቅደም ተከተል ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። አንዱንም አትዝለሉ፤ ቦታም አታለዋውጡ።

ከሁሉ በፊት፦ «ባዶ» ምን ማለት ነው?

ሦስት አዳኞች «ባዶ ነው» ሲሉ ሦስት የተለያየ ነገር ሊናገሩ ይችላሉ። አንዱ «ካዝናው (ጥይት የሚደረደርበት ዕቃ) ሙሉ ነው፣ ግን አላጎረስኩትም» ማለቱ ነው። ሁለተኛው «ካዝናውን ነቅያለሁ» ማለቱ ነው፤ አስቀድሞ የጎረሰው ጥይት ግን እዚያው ሊኖር ይችላል። ምንም ጥይት የለበትም የሚለው ሦስተኛው ብቻ ነው።

ሕጎችም ቢሆኑ በዚህ ቃል አይስማሙም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ የአደን ሕግ መኪና ውስጥ ያለ ረጅም ጠመንጃ ጎርሷል የሚባለው ያልተተኮሰ ጥይት በጥይት ቤቱ፣ ማለትም ጥይቱ ለመተኮስ በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ሲገኝ ነው፤ በካዝናው ብቻ ያለ ጥይት አያስቆጥርም። በሚኒሶታ ደግሞ በጠመንጃው ላይ በተገጠመ ካዝና ውስጥ ጥይት ካለ ጠመንጃው ባዶ አይባልም። የውጭ እንግዳ ይዛችሁ ስትወጡ የአገሩን ትርጉም ይዞ መኪናችሁ ውስጥ እንደሚገባ አስቡ። እንግዳው ዋሽቷችሁ አይደለም፤ ቃሉን የሚረዳው በአገሩ ትርጉም ነው።

በዚህ መመሪያ ባዶ የሚባለው ጠመንጃ አራቱንም የሚያሟላ ነው፦ በጥይት ቤቱ ጥይት የለም፤ በካዝናው ጥይት የለም፤ ካዝናው የሚነቀል ከሆነ ተነቅሏል፤ ማቀባበያው፣ ማለትም ወደ ኋላ የሚሳበው ብረት፣ ተከፍቷል ወይም ወጥቷል። እኔ በማሽከረክረው መኪና ውስጥ «ባዶ ነው» የሚለውን ቃል ከከለከልኩ ቆይቻለሁ። በምትኩ የምንቀበለው «አየሁ» የሚለውን ብቻ ነው፤ እርሱንም ሁለት ሰዎች ሲሉት።

ደረጃ 1፦ ሰነድ (ከመነሻው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ)

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጦር መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ጠመንጃው ለአደን መዋሉ ከዚህ አያወጣውም። የአደን ፈቃድ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ፈቃድ ነው፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999ን እና ደንብ ቁጥር 163/2000ን ተከትሎ የሚሰጥ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። የአደን ፈቃድ ብቻ አውጥቶ የሚያሳይ ሰው ጉዞው ኬላው ላይ ያበቃል።

1. የጠመንጃውን ፈቃድ ዋናውን ያዙ፤ በስልክ የተነሣ ፎቶ አይበቃም።

2. በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጥሩ ብርሃን አንብቡና ከፈቃዱ ጋር ቁጥር በቁጥር፣ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። 3 እና 8፣ 1 እና 7 በአሮጌ ብረት ላይ ይምታታሉ። ስህተት ካገኛችሁ ፈቃዱን የሰጠው ክፍል ሳያርመው አትንቀሳቀሱ።

3. የውጭ እንግዳ ከሆነ ጠመንጃው ወደ አገር ሲገባ የተሰጠውን ፈቃድ ጨምሩ። እዚያ ላይ የተጻፈው የጥይት ብዛት ከያዘው ጋር መግጠም አለበት።

4. ፈቃዱን ወደሰጣችሁ ፖሊስ ሂዱና ጠመንጃውን በየት በኩል፣ በምን መኪና፣ በማን እጅ እንደምታጓጉዙ አስታውቁ፤ ጠመንጃው እንዴት ታስሮ መጓዝ እንዳለበትም ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ለማግኘት ጣሩ።

5. አንድ ገጽ ዝርዝር አዘጋጁ፦ የጠመንጃው ዓይነትና ቁጥር፣ የጥይት ብዛት፣ የመኪናው ሰሌዳ፣ የተሳፋሪዎች ስም፣ የጉዞው መስመር። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ።

ሦስት ቅጂ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህች አጭር መንገድ ግን ሦስት አስተዳደር ታቋርጣላችሁ። ከድሬዳዋ አስተዳደር ትነሣላችሁ፤ ሐረማያንና አወዳይን የምታልፉት በኦሮሚያ ክልል ነው፤ ከዚያ ሐረሪ ክልል ትገባላችሁ። ድሬዳዋ ላይ «እሺ፣ ሂዱ» ያላችሁ ፖሊስ ቃሉ አወዳይ ድረስ አይከተላችሁም። ወረቀቱ ግን ይከተላችኋል።

ጠመንጃው የራሳችሁ ካልሆነ አትያዙት። «የአጎቴ ነው፣ አደራ ሰጥቶኝ ነው» የሚለው ንግግር በቤተሰብ መካከል ክብር ሊሆን ይችላል፤ ፈቃዱ ግን የተሰጠው ለአጎት ነው። ባለፈቃዱ ራሱ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ።

ደረጃ 2፦ መኪናውን ማዘጋጀት

የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ1986 ጀምሮ ከግዛት ወደ ግዛት ጠመንጃ ይዞ የሚያልፍ ሰው ጠመንጃው ባዶ እንዲሆንና ጠመንጃውም ጥይቱም ተሳፋሪው በቀላሉ ከማይደርስበት ቦታ እንዲቀመጥ ይጠይቃል፤ መኪናው የተለየ የዕቃ ክፍል ከሌለው በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ እንዲሆን ያዛል፤ የዳሽቦርድ መሳቢያን እንደ ሣጥን አይቀበልም። እኛን የሚገዛን ሕግ አይደለም፤ መለኪያው ግን ለላንድክሩዘራችን ልክ ነው፤ ኋላው ከተሳፋሪው ያልተለየ መኪና ነውና።

ሁለት የሚቆለፉ ነገሮች ያስፈልጓችኋል፦ ለጠመንጃው ረጅም ጠንካራ ሣጥን፣ ለጥይቱ ትንሽ የብረት ወይም የወፍራም ፕላስቲክ ሣጥን። ቁልፎቹ በአንድ ማያያዣ አይንጠልጠሉ፤ የጠመንጃው ባለፈቃዱ ዘንድ፣ የጥይቱ ሾፌሩ ዘንድ ይሁን። ረጅሙን ሣጥን ከመኪናው ወለል ጋር በማሰሪያ እሰሩ። ፒክአፕ ከሆነ ክፍት ጭነቱ ላይ ከፍየልና ከውኃ ጀሪካን ጋር አታድርጉት።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልበል። በሚያዝያና በግንቦት ድሬዳዋ ላይ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጥ እጅ መሪውን መያዝ ያቅተዋል። ጥይት በዚያ ሙቀት ብቻ አይፈነዳም፤ ግን የጋለ ባሩድ ሲተኮስ ግፊቱ ይጨምራል፤ ቀለሁም (የጥይቱ ቅርፊት) ጥይት ቤቱ ውስጥ ሊጣበቅ ይችላል። የተጣበቀ ቀለህ ደግሞ ጠመንጃውን በትክክል ባዶ እንዳታደርጉ የሚከለክል የመጀመሪያው ጣጣ ነው። የጥይት ሣጥኑን ከወንበር ሥር፣ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ አድርጉ፤ በመስታወት በኩል አታስቀምጡት።

ደረጃ 3፦ ጠመንጃውን ባዶ ማድረግ

ይህ ከመኪና ውጭ የሚሠራ ሥራ ነው። ቤት ውስጥም አይደለም፤ በሆቴል በረንዳም አይደለም። ለስላሳ አፈር ያለበት፣ ሰውም ከብትም የሌለበት ቦታ ምረጡ። አስፋልትና ድንጋይ ጥይት ይመልሳሉ፤ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያለው የደንገጎ ዳገት ዳር ለዚህ አይሆንም።

1. አፈሙዙን ወደ አፈሩ አዘቅዝቁ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ሥራው እስኪያልቅ ከዚያ አይነሣም።

2. ጣታችሁን ከቃታው ቀለበት ውጭ አድርጉ።

3. መጀመሪያ ካዝናውን ንቀሉ። ካዝናው የማይነቀል፣ ከሥር በክዳን የሚከፈት ከሆነ ክዳኑን ከፍታችሁ ጥይቶቹን በእጃችሁ ተቀበሉ።

4. ከዚያ በኋላ ብቻ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ሳቡ። የጎረሰ ጥይት ካለ ይወጣል።

5. ማቀባበያውን ክፍት አድርጋችሁ ጥይት ቤቱን በዓይን እዩ፤ ቀጥሎ ትንሿን ጣት አስገብታችሁ ዳስሱ። ማታ ከሆነ በባትሪ መብራት እዩ፤ መዳሰሱ ግን አይቀርም።

6. የወጡትን ጥይቶች ቁጠሩ። አራት ከገባ አራት መውጣት አለበት። ሦስት ካገኛችሁ አራተኛውን ሳታገኙ ከቦታችሁ አትነሡ።

7. ጠመንጃውን እንደተከፈተ ለሁለተኛው ሰው አሳዩ። እርሱም አይቶና ዳስሶ «አየሁ» ይበል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ሦስተኛውና አራተኛው ሲገለባበጡ ነው። ካዝናው ሳይነቀል መጀመሪያ ማቀባበያውን ከሳባችሁ የጎረሰው ጥይት ይወጣል፤ ሲወጣ ታያላችሁ፤ ደስ ይላችኋል። መልሳችሁ ስትዘጉት ግን ካዝናው ሁለተኛውን ጥይት ያቀብለዋል። አሁን በዓይናችሁ ጥይት ሲወጣ ስላያችሁ «ባዶ ነው» ብላችሁ ትምላላችሁ፤ ጠመንጃው ግን ጎርሷል። ኬላ ላይ ከሚያዙት አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የተሳሳቱ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ መሐላቸው ከልብ የሆነውም ለዚህ ነው።

ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ቀላል ነው፦ አጥፋችሁ ክፈቱት፤ ሁለቱንም አውጡ፤ በሁለቱም አፈሙዝ ብርሃን ማለፉን እዩ፤ ሣጥን ውስጥ እስኪገባም እንደታጠፈ ይቆይ። ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ጥይት የሚይዘው ዓይነት ግን ተንኮለኛ ነው። ጥይት መውጣት ሲያቆም ባዶ ሆነ ማለት አይደለም፤ አንዱ ቱቦው ውስጥ ተይዞ ሊቀር ይችላል። የቱቦውን መጨረሻ በጣት ዳስሱ፤ ጥይት ገፊው ብረት ራሱ ጣታችሁን ካልነካ ገና ነው።

ቃታ ስባችሁ አትፈትሹ። ይህን ልማድ ከልጅነታችን ጀምሮ አይተናል፤ አባቶቻችን ምንሽራቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ቃታ ይስቡ ነበር። ጥይት ካለ የምታውቁት ከተኮሰ በኋላ ነው።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ማቀባበያው አልሳብ ካለ፦ ሰደፉን መሬት ላይ አታንኳኩ፤ በድንጋይም አትምቱ። አፈሙዙን እንዳዘቀዘቃችሁ ካዝናውን አውጡና ለዚያ ጠመንጃ ቅርብ የሆነውን ሰው ጥሩ።

ጥይቱ ከጥይት ቤቱ አልወጣ ካለ፦ በአፈሙዝ በኩል ዘንግ አታስገቡ። ያልተተኮሰ ጥይትን ከፊት መግፋት እጅን ያስበላል። ያ ጠመንጃ መኪና ውስጥ አይገባም። ባለሙያ ወደ ጠመንጃው ይምጣ፤ ጠመንጃው ወደ ባለሙያ አይሂድ። አንድ ሰው አፈሙዙን ወደ አፈር አድርጎ ይጠብቀው፤ ሌላው ወደ ከተማ ይሂድ። ግማሽ ቀን ያስከፍላችኋል፤ ክፈሉት።

ቃታ ተስቦ ጥይቱ ካልተኮሰ፦ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጋችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ዘግይቶ የሚተኩስ ጥይት አለ። ከዚያ በላይኛው ቅደም ተከተል አውጡት፤ ያንን ጥይት ከደህናዎቹ ጋር አትቀላቅሉ።

ደረጃ 4፦ መጫን

ጠመንጃውን ወደ መኪናው የሚያስገባው አንድ ሰው ነው። ከእጅ ወደ እጅ በመስኮት አታቀብሉ። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ወደ ኋላ በር ይመልከት፤ ሲወጣም ማንም አፈሙዙን ይዞ ወደ ራሱ አይሳበው። ማቀባበያው የሚወጣ ከሆነ አውጡትና በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከጥይቱ ጋር ቆልፉት። ማቀባበያ የሌለው ጠመንጃ ኬላ ላይ የሚፈጥረው መረጋጋት ሊነገር አይችልም፤ ፖሊሱ ሣጥኑን ከፍቶ ባዶውን ቀዳዳ ሲያይ ፊቱ ይለወጣል።

የቃታ መቆለፊያውን ብቻ አምናችሁ የጎረሰ ጠመንጃ አትጫኑ። መቆለፊያው በብዙ ጠመንጃ ላይ ቃታውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ውስጥ ያለው መርፌ በውድቀት ወይም በከባድ ንቅናቄ ካፕሱሉን፣ ማለትም የጥይቱን መለኮሻ፣ እንዳይመታ አይከለክልም። ያረጀ ብረት ላይ ደግሞ ቃታውንም በደንብ አይዝም።

ደረጃ 5፦ መንገድና ኬላ

ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥታችሁ ደንገጎ ላይ ወደ 2,000 ሜትር ትወጣላችሁ። ጠመዝማዛው ላይ ጫት የጫነ አይሱዙ በተቃራኒ ሲመጣ ፍሬን በድንገት ትይዛላችሁ፤ ያልታሰረ ሣጥን ያን ጊዜ ወደ ፊት ይመጣል። ማሰሪያውን ሽቅቡ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ፈትሹ።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 በቁልቢ በኩል አትለፉ። ከዋዜማው ጀምሮ መንገዱ በእግረኛ ምእመናን ይሞላል፤ መኪናው በሰው መካከል ይቆማል፤ ፍተሻው ይጠነክራል። ጠመንጃ በዚያ ሕዝብ መካከል ሊገኝ አይገባም፤ ጉዞውን ሦስት ቀን ግፉት።

ኬላ ስትደርሱ፦

1. ቀድማችሁ ፍጥነት ቀንሱ፤ ማታ ከሆነ የውስጥ መብራት አብሩ፤ ሙዚቃ ዝጉ።

2. ሾፌሩ ሁለት እጁን መሪው ላይ ያድርግ። ማንም ወደ ኋላ አይዙር፤ ማንም ከወንበር ሥር እጅ አይስደድ።

3. ሳትጠየቁ ተናገሩ፦ «እንደምን ዋላችሁ፣ የአደን ጠመንጃ ይዘናል፤ ተቆልፎ ከኋላ ነው፤ ጥይቱ ለብቻው ነው፤ ሰነዱ እጄ ላይ ነው።» ፖሊሱ ራሱ ፈልጎ ካገኘው ያው ጠመንጃ የተደበቀ ጠመንጃ ይመስላል።

4. ሣጥኑን ማን እንደሚከፍት ፖሊሱ ይወስን። «እናንተ ክፈቱ» ካለ ባለፈቃዱ ወርዶ ይክፈት፤ ጠመንጃውን ከማንሣቱ በፊት ይጠይቅ።

5. ፖሊሱ ጠመንጃውን ልያዘው ካለ እንደተከፈተ ስጡት።

ሰነዱ ላይ እንከን ተገኝቶ ጠመንጃው ይቆይ ከተባለ አትከራከሩ፤ ትልቅ ሰውም አትጥሩ። የጠመንጃው ቁጥር፣ የጥይቱ ብዛትና የተረካቢው ስም የተጻፈበት፣ የተፈረመ ወረቀት ጠይቁ። ያለ ወረቀት የተረከባችሁትም ያስረከባችሁትም ነገር በኋላ ራስ ምታት ነው።

ደረጃ 6፦ አደን ቦታው ላይ መውረድና መሳፈር

እስከዚህ ያለውን ሁሉም ሰው በደንብ ይሠራል። ጠዋት ነው፤ አእምሮ ንቁ ነው፤ ሰው ሁሉ ይጠነቀቃል። አደጋው የሚመጣው በቀኑ አራተኛና አምስተኛ መሳፈሪያ ላይ ነው።

የእኔ እንዲህ ነበር። ከአድካሚ የእግር ጉዞ ወደ መኪናው ተመለስን፤ ሊመሽ ነው፤ ምንም አልተተኮሰም። ጓደኛዬ፣ የማከብረው ጥንቁቅ ሰው፣ ጠመንጃውን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ በሩን እየከፈተ «ባዶ ነው» አለኝ። መሪ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ዘወር ብዬ አላየሁም። ቃታው በወንበሩ ማሰሪያ ተይዞ ተኮሰ። ጥይቱ ዱካ ይከተልልን በነበረው ልጅ ሁለት እግሮች መካከል ወለሉን በስቶ ወጣ። ልጁ አልቆሰለም። ከመኪናው ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ለረጅም ጊዜ መናገር አልቻለም፤ በማግስቱ ሥራውን ትቶ ወደ ቤቱ ሄደ። አልፈረድኩበትም። ቢሞት ኖሮ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ሰውን በቸልተኝነት በመግደል የሚጠየቅ ሰው በመኪናዬ ውስጥ ነበር፤ ዘወር ብዬ ባለማየቴም የዚያ ልጅ እናት ፊት እኔም እቆም ነበር።

ስለዚህ፦

1. ጠመንጃ የሚጎርሰው ከመኪናው ወርዳችሁ ከራቃችሁ በኋላ፣ በሮቹ ከተዘጉ በኋላ ነው። መኪና ላይ ቆሞ ወይም በመስኮት መተኮስ አይታሰብ። እንስሳ ድንገት መንገድ ዳር ብቅ ቢል እንኳን ይሂድ።

2. ስትመለሱ ከመኪናው 20 እርምጃ ሲቀራችሁ ሁላችሁም ቁሙ። ይህ ቦታ ቋሚ ነው፤ ደረጃ 3 እንደገና ከመጀመሪያው እዚህ ይሠራል።

3. ሾፌሩ ሞተር አያስነሣ፤ ወርዶ ሁለተኛው «አየሁ» ባይ እርሱ ይሁን። «አየሁ» እስኪል የኋላውን በር አይክፈት።

4. የቆሰለ እንስሳ እየተከተላችሁ ቦታ ለመለወጥ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ብትሳፈሩም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። «ቅርብ ነው» የሚለው ሰው ትልቅም ቢሆን፣ ጋሼ የምትሉት ቢሆንም፣ በትሕትና «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ልየው» በሉት። ሾፌር ይህን ለማለት ማፈር የለበትም።

እንግዳው በሌላ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ትእዛዙን በእጅ ምልክት ከጠዋት ጀምሮ ተለማመዱ፦ ሁለት ጣት ወደ ዓይን፣ ከዚያ ወደ ጥይት ቤቱ። ድካም ሲመጣ ትርጉም ይጠፋል፤ ምልክት አይጠፋም።

ከሐረር ተነሥታችሁ በባቢሌ መስመር የምታልፉ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በባቢሌ የዝሆን መጠለያ ውስጥ አደን የለም። ወደ መጠለያው ለመጎብኘት ከገባችሁ ጠመንጃውን ይዛችሁ አትግቡ፤ ተቆልፎም ቢሆን። የጎረሰ ጠመንጃ በዚያ መሬት ላይ ከተገኘ ስለ ሌላ ቦታ የአደን ፈቃድ የምትሰጡትን ማብራሪያ የሚሰማ አይኖርም፤ ተገቢም ነው።

ደረጃ 7፦ ማደሪያ

ጠመንጃ መኪና ውስጥ አያድርም። በሐረር ግንብ፣ በጀጎል ውስጥ የምታድሩ ከሆነ መኪናው ከበር ውጭ ሊቀር እንደሚችል አስቡ፤ ሣጥኑ ከእናንተ ጋር ይግባ። ማታ ጅብ ሲመገብ ለማየት ስትወጡ የአደን መኪናውን ከነጠመንጃው ይዛችሁ አትሂዱ፤ እዚያ ሕፃናትና ጎብኚዎች በጨለማ ይቆማሉ።

በአውሮፕላን የሚቀጥል ካለ ከበረራው በፊት ለአየር መንገዱ ያሳውቅ። በዓለም አቀፉ ደንብ ጠመንጃው ባዶ ሆኖ በተቆለፈ ጠንካራ ሣጥን በጭነት ይሄዳል፤ ጥይት ለአንድ ሰው ከነማሸጊያው ከ5 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ የሁለት ሰው ጥይትም በአንድ እሽግ አይቀላቀልም።

ቤት ስትደርሱ ሣጥኑን ከመመለሳችሁ በፊት ጥይቶቹን ከዝርዝሩ ጋር አስታርቁ፦ ስንት ይዛችሁ ወጣችሁ፣ ስንት ተተኮሰ፣ ስንት ተመለሰ። ቁጥሩ ካልገጠመ የመኪናውን ምንጣፍ አንሡ፤ የወንበሮቹን ሥር፣ የጃኬቶቹን ኪስ ፈትሹ። መኪናው ነገ ልጆችን ትምህርት ቤት ያደርሳል።